የዋሻው አፈር

በ1972 ዓ.ም. ክረምት በጊሼ፣ በአፋፍ ማርያም አጥቢያ፣ የሰው ሁሉ መነጋገሪያ የወዳጆ ጓሮ ጎመን ነበር። አገሩ ውርጭ የሚያድርበት ደጋ ነው፤ ገብሱ እንኳ ወዶ ሳይሆን ተለምኖ ነው የሚበቅለው። የወዳጆ ጎመን ግን ቅጠሉ ተዘርግቶ፣ አገዳው ወፍሮ፣ ቀለሙ ከአረንጓዴነት አልፎ ወደ ጥቁረት አደላ። ከራቤል ገበያ የሚመለሱ ሴቶች አጥሩ ሥር ቆም እያሉ፣ "አረጋሽ፣ ምን አብልተሽው ነው እንዲህ የደለበው?" ይሏታል። አረጋሽም፣ "እኔ ምን አውቄ፣ የልጆቹ ሥራ ነው" ብላ ትስቃለች።

አንድ ነገር ብቻ ከነከናት። በጎቹ አጥሩን ጥሰው ሁለት ጊዜ ጓሮው ገብተው ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ጎመኑን አሽትተው፣ አንድ ቅጠል ሳይቀምሱ፣ በገቡበት ተመልሰው ወጡ። በግ ጎመን አግኝቶ ዞር ሲል ማን አይቷል? አረጋሽ ይህን ለባሏ አልነገረችውም። በዚያ ቤት ብዙ ነገር አይነገርም ነበር።

ወዳጆ ወደ ሃምሳ የተጠጋ፣ ገብስ አራሽና ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ የሚሸምን፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ሁለት እጆቹ እስከ ክርናቸው ድረስ ቆዳቸው ነጥቶ ተጨማዷል። ልጆቹ ሲጠይቁት፣ "በልጅነቴ የፈላ ውሃ ተደፍቶብኝ ነው" ይላል። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ደጁን አያልፍም፤ ለምን እንደሆነ የጠየቀውም የለም። ልጆቹ ሁለት ናቸው። ኮከቤ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ ፊደል ቆጥራ ዛሬ ለጎረቤቱ ሁሉ ደብዳቤ አንባቢ ሆናለች። ጌጡ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ የማይጠይቀው ነገር ቢኖር ያላየው ብቻ ነው።

በግንቦት ወር የገበሬ ማኅበሩ ለችግኝ ጣቢያው ጥቁር አፈር ፈልጎ ልጆችን በቅርጫት ሲያስግዝ ሰነበተ። ኮከቤና ጌጡም ከዚያው የተረፈውን ሁለት ጆንያ ይዘው መጥተው ጓሮው ላይ በተኑት። ወዳጆ ልጆቹ ሥራ ወዳድ በመሆናቸው ደስ አለው። አፈሩ ከየት እንደተቆፈረ ግን አልጠየቀም።

ነገሩ የወጣው በፍልሰታ ጾም ነው። ቅዳሴ ወጥቶ፣ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ፣ ቤተሰቡ ለመብል ቀረበ። ከገደሉ የተነሣው ጉም መንደሩን ውጦት በር ላይ የቆመው ሰው እንኳ በቅጡ አይታይም። በገብስ እንጀራው ላይ ጎመኑ ክምር ብሎ ቀርቧል። ወዳጆ ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ሦስተኛውን ሲጠቀልል ዓይኑ የጌጡ አንገት ላይ አረፈ። የልጁ ማተብ ሁለት ሆኗል። አንዱ የራሱ ነው፤ ሌላው የጠቆረ፣ የደረቀ ክር ሲሆን ሦስት ሰማያዊ ዶቃዎች አሉበት።

"ይሄኛውን ማን ሰጠህ?" አለው።

"አገኘሁት።"

"የት?"

ጌጡ እኅቱን አየ። ኮከቤ አቀረቀረች። ልጁም በመልስ ፈንታ የራሱን ጥያቄ አመጣ፤ "አባባ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ ማተብ ያስራል እንዴ?"

ወዳጆ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ።

"ሊቀ መንበሩ የጭላዳ አጥንት ነው ብለውናል" አለ ጌጡ። "ገደሉ ላይ የሚያድሩት ጭላዶች ሲያረጁ እዚያ ገብተው ይሞታሉ አሉ። ግን ግድግዳውን ተደግፈው በተራ ነው የተቀመጡት። ትልልቆቹ ትንንሾቹን አቅፈዋቸዋል። ይሄ ማተብ የአንዷ ትንሽዬ ነው። አፈሩን ስንዝቅ ከቅርጫቴ ውስጥ ወጣ፤ እስከ ዛሬ ደብቄው ነበር።"

"የየት አፈር?"

"የጋኔን ዋሻ" አለች ኮከቤ ቀስ ብላ። "አስተማሪያችን ጋኔን የሚባል ነገር የለም አለን። ሄደን አየን፤ እውነትም የለም። አፈሩ ደግሞ ጥሩ ነው። ከፍልሰታ በኋላም ጠርገን የእህል ጎተራ እናደርገዋለን ተብሏል።" ቀጥላም፣ "የባና ቁራጭም ነበረ፣ አባባ። አሠራሩ ልክ የእርስዎን ይመስላል። ያን ጊዜ ሰው ይሆን እንዴ ብዬ ጠርጥሬ ነበር። ግን ሰው ቢሆን ኖሮ የሚነግረን አይጠፋም ብዬ ተውኩት።"

ወዳጆ ተነሥቶ ወጣ። ከአጥሩ ጥግ የበላውን ሁሉ ሲያስመልስ ከቤት ይሰማ ነበር። አረጋሽ መሶቡን ከደነችው። ልጆቹም ምን እንዳጠፉ ሳያውቁ ተቀመጡ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ልጆቹ ያላወቁትን እናንተ ልታውቁት ይገባል። ያ ዋሻ ዱሮ ስሙ እናት ዋሻ ነበር። ጦር በመጣ ቁጥር አሮጊትና ሕፃን የሚያስጠልል፣ ውስጡ ሰፊ፣ አፉ ጠባብ፣ መንገዱም ለአገሬው እንጂ ለእንግዳ የማይገኝ ነው። በጠላት ወረራ ዘመን ወንዶቹ ለአርበኝነት ሲወጡ ሁለት መቶ የሚሆን ቤተሰብ እዚያ ገባ። መንገድ የሚያውቅ አንድ የአገር ሰው ግን ጠላትን መርቶ አመጣ። የመርዝ ጢስ ለቀቁባቸው። ከውስጥ የወጣ አልነበረም።

ነፃነት ሲመለስ የሟቾቹ ወገን ጠመንጃውን ወልውሎ ተነሣ። ጠላትን መርቶ ያመጣው ሰው አፈወርቅ ይባላል። ቤቱ ተቃጠለ፤ ወንድሙ ተገደለ። የአፈወርቅ ዘመዶችም በተራቸው አንድ ሰው ገደሉ። አገር ሊያልቅ ሆነ። ሽማግሌና ካህናት ተሰብስበው ሁለቱን ወገን አስታረቁና ግዝት ጣሉ፤ "ዋሻው የተዘጋ ይሁን። ስሙ አይነሣ። ነገሩን ለልጁ ያወረሰ እንደ አርዮስ የተለየ ይሁን።" ደሙ እንዲደርቅም የአፈወርቅ ጡት ያልጣለች ሴት ልጅ ስታድግ ከሟቾቹ ወገን ለአንዱ እንድትዳር ተማማሉ።

ያቺ ሕፃን አረጋሽ ናት። ያገባት ሰው እናቱንና ታናሽ እኅቱን በዋሻው ያጣው ወዳጆ ነው።

ግዝቱ በጊዜው ደም አድርቋል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ልጅ ይጠይቃል። "ዋሻው ውስጥ ምን አለ?" ሲል ምን ይባል? "ጋኔን አለ፤ ሕፃን ይበላል" ተባለ። እናት ዋሻም ጋኔን ዋሻ ሆነ። እኛ ልጅን ማስፈራራት ይቀናናል፤ ጭራቅ መጣ፣ ጅብ መጣ እያልን እናሳድገዋለን። አስተማሪው ጋኔን የለም ማለቱ እውነት ነው። ውሸቱ ሲወድቅ ግን በቦታው የሚቆም እውነት ስላላስቀመጥን ልጆቻችን ቅርጫት ይዘው ገቡ።

ወዳጆ በዚያው ቀን መምሬ ገብረየሱስ ዘንድ ሄደ። አረጋዊው ካህን ከቤተ ልሔሙ ደጃፍ ተቀምጠው ውዳሴ ማርያም ይደግሙ ነበር። የልጁን ነገር አንድ በአንድ ነገራቸው። መጽሐፋቸውን ዘጉ።

"ምን ላድርግ ነው የምትለው፣ ልጄ?"

"ልንገራቸው፣ አባ። ማኅበሩ ከፍልሰታ በኋላ ዋሻውን ጠራርጎ የእህል ጎተራ ሊያደርገው ነው። አጥንቱን ወደ ገደል ሊያወርዱት ነው። የሚዝቁት ደግሞ የኔ ልጆች ናቸው።"

"ግዝት አለ።"

"አውቃለሁ።"

"የተዳፈነ እሳት አትቆስቁስ፣ ወዳጆ። አንተ ስትናገር አፈወርቅ ይነሣል። አፈወርቅ ሲነሣ አረጋሽ ትነሣለች። ልጆችህ እናታቸውን በምን ዓይን እንዲያዩ ነው? አንዱ አያታቸው ሌላዋን አያታቸውን እንዳስገደለ ነግረህ ማታ አንድ መደብ ላይ ልታስተኛቸው ነው?"

ወዳጆ ይህን ነበር የፈራው። አርባ ዓመት የዋጠውን አንድ ቀን ቢተፋው ትዳሩ ይፈርሳል፣ ልጆቹም ለሁለት ይከፈላሉ ብሎ ያምናል። ዕርቁን ሲቀበል አጎቱ ነበር የማለለት፤ እሱ የኖረበት ግን ቀስ በቀስ ወዶት ነው። አረጋሽን ይወዳታል። ይህንንም ነግሯት አያውቅም።

"የኛስ ዝምታ ምን አመጣ፣ አባ?" አለ በመጨረሻ። "ልጄ የሟች ማተብ አጥልቆ መጣ። እኔም ያን ጎመን ሁለት ሳምንት ሙሉ በላሁት።"

መምሬ፣ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" አሉና መስቀላቸውን አሳለሙት። ተናገር አላሉትም፤ አትናገርም አላሉትም።

ሲመለስ አረጋሽን ጓሮ አገኛት። ጎመኑን አንድ ሳይቀር ነቅላዋለች። ለበግ አልሰጠችውም፤ ጉድጓድም አልጣለችውም። ምን እንደሚደረግ ስላላወቀች ሥር ከሥር አስተካክላ በተራ አጋድማ ነጠላዋን አልብሳዋለች። ከሩቅ ሲታይ የተኙ ሰዎች ይመስል ነበር።

"መምሬ ምን አሉ?" አለችው።

"ግዝት አሉ።"

"ግዝቱ ስለኔ ነው፤ ስለ ሟቾቹ አይደለም" አለች አረጋሽ። እጇ ላይ የቀረውን አፈር ልታራግፈው ፈልጋ ተወችው። "እኔ እንዳላፍር ተብሎ ነው እነሱ ያለ ፍትሐት የቀሩት። ሃያ ዓመት እዚህ ቤት ስኖር አንድ ቀን የአባቴን ስም አንሥተው አልወቀሱኝም። ደግ ነዎት። ግን ሲቀመጡም ሲነሡም ዓይንዎ ወደዚያ ገደል ነው። አላውቅም ብለው ነው?"

"ልጆቹ ይጠሉሻል ብዬ ነው የፈራሁት።"

"ይጥሉኝ። ዛሬ ካልነገርናቸው ነገ በአካፋ ያገኙታል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም።"

ወዳጆ እንዲህ አምርራ ስትናገር ሰምቷት አያውቅም።  አብሯት ተንበርክኮ የጎመኑን ሥር አፈር በእጁ እያራገፈ ወደ ጆንያው መመለስ ጀመረ። ልጆቹም መጥተው ምንም ሳይጠይቁ አገዟቸው።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ አራቱም ወደ ዋሻው ወረዱ። ጀንበር ገና ናት፤ ጉሙ ግን ቀኑን አመሻሽ አስመስሎታል። የሚሰማው የእግራቸው ኮቴ ብቻ ነው። ከመንገዱ በላይ፣ በገደሉ ጫፍ፣ ጭላዶች በተራ ተቀምጠዋል። እንደ ወትሮው አልተንጫጩም፤ አልሸሹም። አንገታቸውን እያዞሩ ዓይናቸውን ተከለው ሸኟቸው። ጌጡ የእናቱን ቀሚስ ያዘ።

ዋሻው አፍ ሲደርሱ ጉሙ ከሥር ተነሥቶ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር። ነፋስ የለም። ቢሆንም ይገባል፤ ጥቂት ቆይቶ ተመልሶ ይወጣል፤ እንደገና ይገባል። ኮከቤ ይህን ስታይ፣ "ይተነፍሳል" አለች። ወዳጆ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ዓመት በዓመት በክረምት ከሩቅ ሲያየው የነበረ ነው። ከቅርብ ያየው ከአርባ ዓመት በፊት ብቻ ነው፤ ያኔም ጉም አልነበረም።

"ጋኔን የለበትም" ብሎ ጀመረ። "ኖሮበትም አያውቅም። ዋሸኋችሁ። እዚህ ያሉት ሰዎች ናቸው። እናቴ ወለተጊዮርጊስ እዚህ ናት። እኅቴ አስካለ ማርያምም እዚህ ናት፤ አምስት ዓመቷ ነበር።"

ጌጡ እጁን አንገቱ ላይ አደረገ።

"እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። እናቴ በማለዳ ከታች ምንጭ ውሃ እንድቀዳ ላከችኝ። ቅሉን ሞልቼ ስመለስ ከላይ የሰው ድምፅ ሰማሁ፤ ቋንቋው አይገባኝም። ከዚያ ማዶ ያለው ጭላዳ የሚያድርበት ገመገም ይታያችኋል? እዚያ ወጥቼ ተሸሸግሁ። ከአፋፉ ላይ በገመድ በርሜል አወረዱ። ከዚያ ጢስ ወጣ። ጢስ እንደምታውቁት ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ ያ ግን ወደ ታች ወረደ። እየተሳበ ገባ። ሽታው እኔ ካለሁበት ድረስ መጣ፤ ነጭ ሽንኩርት ነው የሚሸተው።"

 ከውስጥ የውሃ ጠብታ ድምፅ ይሰማል።

"መጀመሪያ ሳል ሰማሁ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው የሚስሉት። ከዚያ እግዚኦታ ሰማሁ። ከዚያ ምንም። ጭላዶቹ እንኳ ሁለት ቀን ድምፅ አላሰሙም። በሦስተኛው ቀን ወታደሮቹ ሄዱ፤ እኔም ገባሁ። ተደግፈው ተቀምጠዋል። የተኙ መሰሉኝ። እናቴ አስካለን በባናዋ ሸፍናታለች። ባናውን ልገልጥ ስይዘው እጄ ተቃጠለ፤ መርዙ ገና አለበት። የፈላ ውሃ አይደለም፣ ልጆቼ። ይሄው ነው።" እጆቹን ዘረጋላቸው። "እናቴን በስሟ ጠራኋት። ዋሻው ድምፄን መለሰልኝ። ደግሜ ጠራሁ፤ መለሰልኝ። ሦስተኛው ላይ የመጣው ድምፅ የኔ አልመሰለኝም። ያን ጊዜ ሮጥሁ። እስከ ዛሬ ተመልሼ አልመጣሁም። አንድ እፍኝ አፈር አላለበስኋቸውም።"

ይህን ብሎ ወዳጆ አለቀሰ። ልጆቹ አባታቸው ሲያለቅስ አይተው አያውቁም።

ጌጡ ማተቡን ከአንገቱ አወለቀ። "የአስካለ ነው?" አለ።

"አላውቅም። ሁሉም ልጅ እንዲህ ያለ ያስር ነበር። ነው ብዬ መማል አልችልም።"

"መንገዱን እንዴት አወቁት?" አለች ኮከቤ። "ጠላቶቹ።"

ወዳጆ አቀረቀረ። መንገድ የሚያውቅ ሰው መራቸው ሊል አሰበና ተወው። እስከ ዋሻው አፍ ድረስ ሲመጣ ሁሉን እነግራቸዋለሁ ብሎ ለራሱ የማለው መሐላ እዚያች ጥያቄ ላይ ሰለለ። በዚህ ጊዜ አረጋሽ ከኋላቸው ተነሥታ በልጆቿና በዋሻው መካከል ቆመች።

"አባቴ ነው የመራቸው" አለች። "አያታችሁ አፈወርቅ። ዘመዶቼ ተገድዶ ነው ይላሉ። እኔ ግን ሊሞት ሲል አጠገቡ ነበርሁ። 'ማንም አላስገደደኝም፤ የጎረቤቴን መሬት እንሰጥሃለን ብለውኝ ነው' ብሎ ነግሮኛል። ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ለማንም ተንፍሼው አላውቅም። ዛሬ ለእናንተ ተናገርሁት።"

ኮከቤ እናቷን አየች፤ አባቷን አየች። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ያቺ አንዲት እርምጃ ለአረጋሽ ከዘመኗ ሁሉ የከበደች ነበረች። ጉሙ በመካከላቸው ገብቶ ፊታቸውን ለጊዜው ሸፈነው።

"ታዲያ እኛ የማን ወገን ነን?" አለ የልጅቷ ድምፅ ከጉሙ ውስጥ።

"የሁለታችንም" አለ ወዳጆ። ተነሥቶ ሄደና ለመጀመሪያ ጊዜ በልጆቹ ፊት የሚስቱን እጅ ያዘ። "የሞቱትም የናንተ ናቸው፤ ያጠፋውም የናንተ ነው። እናታችሁ ያን ጊዜ አልተወለደችም። እኔ አልጠላኋትም፤ እንዲያውም ወድጃታለሁ። እናንተም ያያታችሁን ሥራ ጥሉ፤ እሷን ግን የጠላ ልጄ አይደለም።"

ኮከቤ ከጉሙ ውስጥ ወጣች። ከዚያ ያመጣችውን የአፈር ጆንያ አንዱን ጫፍ ያዘችና፣ "እማዬ፣ በዚያ በኩል ያዢልኝ" አለች። ሁለቱ ተያይዘው አፈሩን ወደ ዋሻው መለሱት። ጌጡም ማተቡን ካገኘበት ቦታ ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠው።

የማርያም ዕለት፣ ፍልሰታ ሲፈታ፣ ወዳጆ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ቆሞ ለምእመናኑ ተናገረ። አዛውንቶቹ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ወጣቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ተክለጻድቅ ሠላሳ አምስት ዓመት ያልሞላው ብርቱ ሰው ነው፤ ወሬውን ሰምቶ መጥቶ ኖሯል። "የጭላዳ ነው ብዬ ያስዛቅሁት እኔ ነኝ" አለ ድምፁ እየተቆራረጠ። ቀጥሎም ወደ አሮጊት እናቱ ዞሮ፣ "እማዬ፣ የአያቴ መቃብር ራቤል ነው ብለሽኝ አልነበር?" ሲል ጠየቃት። እናቱም ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ተክለጻድቅ እጆቹን አገላብጦ ሲመለከታቸው ያየ ሰው ሁሉ አዘነለት።

መምሬ ገብረየሱስ መስቀላቸውን አነሡ። "ግዝቱን ያኔ ለሰላም ጣልነው፤ ለመርሳት ግን አደረግነው" አሉ። "ልጆቹ አላጠፉም፤ ያላወቀ አይኮነንም። የደበቅነው ነን የምንጠየቀው።" ይህን ብለው ግዝቱን ፈቱት፤ ለራሳቸውም ለሕዝቡም ንስሐ አዘዙ። በሳምንቱ ካህናቱ ዋሻው አፍ ቆመው የአርባ ዓመት ፍትሐት አደረሱ። ጎተራ የማድረጉ ነገር ቀረ። በዚያ አፈር የበቀሉትን ችግኞችም ተክለጻድቅ ራሱ ከነአፈራቸው አስመልሶ ወደ ዋሻው በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ አስተከላቸው።

ወላጆች ሆይ፣ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የተወጋው ልጅ ግን ካልነገሩት ምን ያስታውሳል? ሐዘናችንን ከልጆቻችን የምንደብቀው ስለምንወዳቸው ይመስለናል። እነሱ ግን በዚያው ሐዘን ላይ ጎመን ይዘሩበታል። ዕድሜያቸው በሚሸከመው ልክ፣ ሳትጨምሩና ሳትቀንሱ ንገሯቸው። የሚያሳፍረውንም ጭምር ንገሯቸው፤ ከፊሉን መደበቅ ከመዋሸት አይለይም።

ከፍትሐቱ በኋላ ኮከቤ በመሠረተ ትምህርት ደብተሯ ላይ የሟቾቹን ስም መመዝገብ ጀመረች። ሰው ከየመንደሩ፣ ከዘመሮ ሳይቀር፣ እየመጣ የእናቱን፣ የአያቱን፣ ስም ሳይወጣለት የቀረውን ሕፃን ያስጽፋል። የክርስትና ስም የሚያውቅ የክርስትናውን፣ የማያውቅ "የእገሌ እናት" እያለ ነው። ወለተጊዮርጊስና አስካለ ማርያም በመጀመሪያው ገጽ ላይ አሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰዉ ተመልሶ ቤቱ ጭር ሲል ኮከቤ እርሳሷን ይዛ እናቷ አጠገብ ቆመች።

"እማዬ" አለች ፈራ ተባ እያለች። "አያቴን አፈወርቅንስ ምን ላድርገው? ልተወው?"

ወዳጆ ባናውን መሥራት አቆመ። አረጋሽ የምትፈትለውን ሱፍ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

"አትተዪው" አለች። "ከሟቾቹ ጋር ግን አታድርጊው። በመጨረሻው ገጽ ለብቻው ጻፊው። 'አፈወርቅ መንገድ መራ፤ ያስገደደው አልነበረም' በዪ። ከሥሩም 'ይህን የነገረችኝ ልጁ አረጋሽ ናት፤ እኔም የልጅ ልጁ ነኝ' ብለሽ ስምሽን አኑሪበት።"

ኮከቤ መደቡ ላይ ተቀምጣ ደብተሩን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። እናቷ አንድ በአንድ እየደገመችላት ጻፈችው።